ከጋራዥ የወጣው ኮሎኔል

ጉለሌ መካነ መቃብር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ኮሎኔል ተቀብሯል። ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ይባላል። የአቪዬሽን ታሪክ የሚከታተሉ ወገኖች ያውቁታል፤ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ወቅት የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ያዘዘ፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦች ቡናማው የኢትዮጵያ ኮንዶር እያሉ የጠሩት ሰው ነው። ስለ እሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሰማይ ይጀምርና ሰማይ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ላነሳው የፈለግሁት ከምድር፣ ይልቁንም ዘይት ከጠገበ የጋራዥ ወለል ነው። ሮቢንሰን አብራሪ ከመሆኑ በፊት የመኪና መካኒክ ነበርና። የበረራ ትምህርት ቤቱ በር እንዲከፈት የረዳውም ሀብት ወይም የሥጋ ዘመድ ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በእጁ የገጣጠማት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ናት።

ወደዚህ ታሪክ የመራኝ የገዛ ራሴ ሥራ ነው። የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። አካባቢው ስሙን ያገኘው ሽቦ ከሌለው የሬዲዮ ስልክ ነው ይባላል፤ ዛሬ ግን ከሳሪስ እስከ መካኒሳ፣ ከጎፋ እስከ ላፍቶ በሽቦ እንጀራውን የሚበላ ሰው ሞልቶበታል። ላሜራ የሚያቃናው፣ የሚበይደው፣ ወንበር የሚያለብሰው፣ ዲናሞ የሚጠቀልለው ሁሉ በየአጥሩ ጥግ ነው። እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ይሁን እንጂ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ግቢዬ ውስጥ ከቆመች አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ ሥር አልጠፋም። ባዶ ቆርቆሮ ሆና ነው የገዛኋት፤ መኝታ፣ ማብሰያና መብራት ያላት የመንገድ ቤት ላደርጋት አስቤ የኤሌክትሪክ መስመሯንም ሆነ የውስጥ ሥራዋን እኔው ይዤዋለሁ። ስለ ሮቢንሰን ሳነብ ከጦርነቱ ገጾች ይልቅ ስለዚያች አውሮፕላን የሚያወሩት ጥቂት መስመሮች ላይ የቆየሁት ለዚህ ነው።

ሮቢንሰን የተወለደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ሲሆን ያደገው ጋልፍፖርት በምትባል የሚሲሲፒ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተ እናቱ ሴለስት የባቡር ድርጅት ሠራተኛ የነበረ ቻርልስ ኮብ የሚባል ሰው አገባች፤ ልጁንም ያሳደገው ይኸው የእንጀራ አባቱ ነው። ሚሲሲፒ በዚያ ዘመን ለጥቁር ልጅ ምን እንደነበረች አንባቢ አያጣውም። ትምህርት ቤቱ ለብቻ፣ የባቡር ፉርጎው ለብቻ፣ የውኃ ቧንቧው ለብቻ ነው። ልጁ በባሕሩ ዳርቻ አንድ አውሮፕላን አይቶ ልቡ እዚያው እንደቀረ ይተረካል። ጥቁር ልጅ አብራሪ የሚሆንበት መንገድ ግን በአካባቢው አልነበረም። ያለው መንገድ ወደ ቱስኬጊ የሚወስደው ብቻ ነው።

ቱስኬጊ እ.ኤ.አ. በ1881 አላባማ ውስጥ የተከፈተና ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የመሠረቱት የጥቁሮች ተቋም ነው። ተማሪው ጡቡን ራሱ እየሠራ፣ ሕንፃውን ራሱ እየገነባ ነበር የሚማረው። ሮቢንሰን እዚያ የመኪና መካኒክነት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1924 ተመረቀ። እዚህ ላይ ትንሽ ዞር ልበልና፣ በእኛ አገር በዚያው ዘመን በእጁ የሚሠራ ሰው ምን ይባል እንደነበር እናስታውስ። ብረት ሠሪው ቀጥቃጭ፣ ሸማኔው ቁጢት በል፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን እንዳላጠፋው ጋራዥ የሚውል ወጣት ሁሉ ያውቃል። ቱስኬጊም በጥቁር ምሁራን ዘንድ ትችት አላጣውም፤ ዊልያም ዱ ቦይስን የመሳሰሉት ጥቁሩን በመዶሻና በመጋዝ ወሰናችሁት እያሉ ተከራክረውታል። በጠቅላላው ሲታይ ትችቱ መሠረት አለው። ሮቢንሰንን ግን መፍቻው አልወሰነውም።

ከምረቃ በኋላ ዲትሮይት፣ ቀጥሎም ቺካጎ ገባ። ቺካጎ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ስሙ ከስሙ የማይለይ ጓደኛ አገኘ። ኮርኔሊየስ ኮፊ ይባላል፤ እሱም የመኪና መካኒክ ነው። ሁለቱም ከኤሚል ማክ የሼቭሮሌት መኪና መሸጫ ጋር ሲሠሩ ቆይተዋል። ሁለቱም መብረር ይፈልጋሉ፤ ነጭ አስተማሪዎች ግን ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም። ቤሲ ኮልማን የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ከእነሱ ቀድማ ፈቃዷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1921 ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ ነው። ሁለቱ መካኒኮች ፈረንሳይ የሚሄዱበት ገንዘብ አልነበራቸውም። እናም ጥቂት እንደ እነሱ ያሉ ሰዎችን ሰብስበው የራሳቸውን አውሮፕላን ለመገጣጠም ተነሱ።

አውሮፕላኗ ሂዝ ፓራሶል ትባላለች። ኤድ ሂዝ የሚባል የዚያው የቺካጎ ሰው ያወጣት ንድፍ ስትሆን፣ ኩባንያው ዕቃዎቹን እየነጣጠለ ለባለ አነስተኛ ገቢ ይሸጥ ነበር። ገዢው አቅሙ በፈቀደ ቁጥር አንድ ክፍል እየገዛ ቤቱ ይገጣጥማል። እኛ ቤት የምንሠራው እንዲሁ አይደል? ዘንድሮ መሠረት፣ ከርሞ ግድግዳ። የአውሮፕላኗ አካል የብረት ቱቦ፣ የክንፏ አጥንት እንጨት፣ ቆዳዋ ደግሞ የጥጥ ጨርቅ ነው። ክንፉ እንደ ጃንጥላ ከአብራሪው ራስ በላይ ይዘረጋል፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ሞተሯ የሞተር ብስክሌት ሞተር ሲሆን የምትይዘውም አንድ ሰው ብቻ ነው።

የአውሮፕላን ቆዳ ጨርቅ ነው ሲባል ለጆሮ ይቀልላል፤ ሥራው ግን ወንበር ከሚያለብስ ሰው ሥራ የባሰ እንጂ የቀለለ አይደለም። ጨርቁ በክንፉ አጥንቶች ላይ ይወጠርና በእያንዳንዱ አጥንት ዙሪያ በሲባጎ ይሰፋል። ስፌቱ ካልተሠራ በበረራ ላይ ከክንፉ በላይ የሚያልፈው አየር ጨርቁን ወደ ላይ እየሳበ ያስነሳዋል። ከዚያ በኋላ ቫርኒሽ የመሰለ ፈሳሽ ደጋግሞ ይቀባል። ፈሳሹ ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ከበሮ ያጠብቀዋል። በዚያን ጊዜ የነበረው ዓይነት ታዲያ እሳት ከነካው በቅጽበት የሚቀጣጠል ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ መቀባቱ በራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሥራው ቅደም ተከተል አለ። አንዴ ጨርቅ ከለበሰ ውስጡ አይታይም። ስለዚህ ብየዳው፣ የመቆጣጠሪያው ሽቦ፣ የነዳጁ ቱቦ፣ እያንዳንዱ ብሎን ከማልበሱ በፊት ይመረመራል። እኔም ኮምቢዬን ሳስብ የምፈራው ይኼንኑ ነው። ኮርኒሱና የጎን መሸፈኛው ከተገጠመ በኋላ ከሥሩ ያለው ሽቦ የታመነ ሽቦ ነው፤ ላሜራ ጫፍ ላይ ተጋድሞ በንዝረት ልጣጩ ከተፋቀ አንድ ቀን ጭሱ ነው የሚነግርህ። በየቀዳዳው ጎማ ማስገባት፣ በየክንዱ ርቀት ማሰር፣ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ ማድረግ ማንም የማያየው ሥራ ነው። ማንም ስለማያየው ነው የሰውየውን ማንነት የሚናገረው።

በሽቦ ነገር አውሮፕላንና መኪና የሚለያዩበት አንድ ነገር አለ፤ እኔን እጅግ ያስገረመኝ እሱ ነው። እንደ ኮምቢዬ ባለ አሮጌ የቤንዚን መኪና ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ከባትሪው ነው። ቁልፉ ሲዘጋ ወይም ወደ ኮይሉ የሚሄደው ሽቦ ሲበጠስ ሞተሩ ይጠፋል። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ግን እሳቱን የሚሠራው ማግኔቶ ነው፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ከራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ባትሪ አይፈልግም። ታዲያ እንዴት ይጠፋል? ማጥፊያው የማግኔቶውን መስመር ማሳ ያስነካዋል፤ ያን ጊዜ እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱ ይቀርና ሞተሩ ዝም ይላል። የማጥፊያው ሽቦ ቢበጠስ ወይም ማሳው ቢላላስ? ሞተሩ አይጠፋም። ማጥፊያው ዝግ ነው ብሎ ፕሮፔለሩን በእጁ የሚያዞር ሰው ክንዱን ሊያጣ ይችላል። መኪና ሽቦዋ ሲበጠስ መንገድ ላይ ታስቀርሃለች፤ ያቺ ዓይነት አውሮፕላን ግን ሽቦዋ ሲበጠስ ትነሣብሃለች። ከመኪና ጋራዥ ወደ አውሮፕላን የተሻገሩት ሁለቱ ጓደኛሞች የለመዱትን ገልብጠው መማር ነበረባቸው ማለት ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። ከርቲስ ራይት የሚባለው የቺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ሮቢንሰንና ኮፊን በደብዳቤ ተቀብሏቸው ነበር። ቀርበው መልካቸው ሲታይ ግን መለሳቸው። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሁለት መንገድ ይተረካል። በአንደኛው፣ ሮቢንሰን እዚያው የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጥሮ ወለሉን እየጠረገ ትምህርቱን በጆሮው ይቃርም ነበር፤ ጓደኛሞቹ የገጣጠሟት አውሮፕላን ለአንድ አስተማሪ ታይታ መብረር መቻሏ ሲረጋገጥ በሩ ተከፈተ። በሌላው ደግሞ አሠሪያቸው ኤሚል ማክ ትምህርት ቤቱን ፍርድ ቤት እንደሚያቆሙት ስላስጠነቀቁ ነው የተከፈተው። እኔ ሁለቱም አብረው የሠሩ ይመስለኛል። የክሱ ማስፈራሪያ በሩን ቢያስከፍትም፣ ከገቡ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ቀና ብለው እንዲቀመጡ ያደረጋቸው የእጃቸው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ። ትምህርት ቤቱም ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩለት እነሱኑ መልሶ ቀጠራቸው።

ከዚያ ሮቢንስ በምትባል የቺካጎ አካባቢ የጥቁሮች ከተማ ሜዳ ጠርገው የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ማዕበል መጋዘናቸውን ቢያፈርሰው ወደ ሌላ ሜዳ ተሸጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ሮቢንሰን የተመረቀበት 10ኛ ዓመት ሲከበር፣ ተቋሙ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት ለማሳመን በአየር ወደ ቱስኬጊ ተነሣ፤ ኮፊና ግሮቨር ናሽ የሚባል ሌላ ጓደኛቸው አብረው ነበሩ። አላባማ ውስጥ ዲኬተር ላይ የሮቢንሰንና የኮፊ አውሮፕላን ተሰበረችና ሮቢንሰን በናሽ አውሮፕላን ብቻውን ቀጠለ። ቱስኬጊ ያን ጊዜ ትምህርቱን አልጀመረም። ከዓመታት በኋላ ሲጀምርና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የተጠራው ጥቁር አብራሪዎች ከዚያ ሲወጡ፣ የሐሳቡ ጠንሳሽ ሌላ ቦታ ነበር። ዛሬ አንዳንድ ጸሐፊዎች የእነዚያ አብራሪዎች አባት ይሉታል፤ እሱ ግን ይህን ሳይሰማ ሞቷል።

ወደ እኛ ያመጡት ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ የሆኑት መላኩ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጥቁሮችን ከኢትዮጵያ ጋር ለማገናኘት የደከሙ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ ከሮቢንሰን ጋር ተገናኙ። ሮቢንሰን ግብዣውን ተቀብሎ በዚያው ዓመት ሜይ ወር አዲስ አበባ ደረሰ።

ሲደርስ ያገኘው አየር ኃይል ለስሙ ያህል ነው። አገሪቱ የነበሯት አውሮፕላኖች ከሁለት ደርዘን ያነሱ፣ ከእነሱም የሚበሩት ጥቂቶች፣ ለውጊያ የታጠቀ የሚባል የሌለባቸው ነበሩ። የሚበዙት ፖቴዝ የተባሉ ፈረንሳይ ሠራሽ ናቸው፤ ጨርቅ የለበሱ። ጣሊያን በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፋለች። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ክንፍም ለመነሣት ረዥም ሜዳ ይፈልጋል። መለዋወጫ በባሕርና በባቡር እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያስፈልገው ጀብደኛ አብራሪ ሳይሆን ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው የሚገጥም መካኒክ ነው።

ጀብደኛውማ ከእሱ በፊት መጥቶ ነበር። ሁበርት ጁሊያን የተባለው የትሪኒዳድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1930 ለዘውድ በዓሉ ዝግጅት ሲለማመድ የንጉሠ ነገሥቱን ተወዳጅ አውሮፕላን ሰባብሯል። በ1935 ተመልሶ መጥቶ ከሮቢንሰን ጋር ሆቴል ውስጥ ተደባደቡና ወሬው አሜሪካ ድረስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የአየር ኃይሉ ኃላፊነት ከኮሎኔልነት ማዕረግ ጋር ለሮቢንሰን ተሰጠ።

በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሌላ የእጅ ሥራም ነበር። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን እዚሁ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1935 መጨረሻ አበረራት። ጣሊያን ወስዳት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መመለሷን አንባቢ ያስታውሳል። ስትመለስ ስለ ልዕልቷ ስምና ስለ ጀርመናዊው ብዙ ተባለ። ክንፏን ስለጠረቡትና ጨርቋን ስለወጠሩት ኢትዮጵያውያን እጆች እምብዛም አልሰማሁም።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ሲጀመር ሮቢንሰን አድዋ ነበር፤ ከተማዋ ስትደበደብ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ያልታጠቀ አውሮፕላን ይዞ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ግንባር መልእክት፣ መድኃኒትና ባለሥልጣን በማመላለስ አለፉ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲያሳድዱት ተራራ ለተራራ፣ ደመና ውስጥ እየገባ ያመልጥ ነበር። የጦርነቱ ታሪክ በሌሎች በሰፊው ስለተጻፈ እዚህ አልደግመውም። አዲስ አበባ ልትያዝ ስትል አገሩ ተመለሰ፤ ቺካጎ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። እንዲህ የከበረ ሰው በዝናው ሊኖር ይችል ነበር። እሱ ግን በዚያው በ1936 በስሙ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ጦርነቱ ዓለምን ሲያዳርስም ለአሜሪካ ሠራዊት የአውሮፕላን መካኒኮችን አሠለጠነ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እንደ እኔ አስተያየት የሕይወቱ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ የሚነገርለት ግን በጥቂቱ ነው። ማንም የማይተኩስበት፣ ጋዜጣ የማይከተለው ሥራ ነበራ። የኢትዮጵያ ወጣቶችን ማብረርና መጠገን ያስተማረው ያን ጊዜ ነው። ሞተር ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ተጠርጎ ይለካል፣ ይገጠማል፣ እንደገና ይፈታል። ቱስኬጊ የተማረውን አሠራር እኛ ዘንድ አመጣው ማለት ነው።

ነገሩ በሰላም አልዘለቀም። የአየር ኃይሉ አደራጅነት ለስዊድናውያን ሲሰጥ ሮቢንሰን ከካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር አልተስማማም። ሁለቱም በ1935ቱ ጦርነት ለኢትዮጵያ የበረሩ ናቸው፤ ስዊድናዊው የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ጠባቸው ቡጢ ላይ ደረሰና ሮቢንሰን ታሰረ፣ ቦታውንም አጣ። ያስተማረው ሰው ሌላ ሲሾምበት የሚሰማውን እዚህ አገር በሙያ የኖረ ሁሉ ስለሚያውቀው አላብራራውም። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ አለመሄዱ ነው። በንግድና በማስተማር እየኖረ አዲስ አበባ ቀረ።

እኛ ሰፈር አሮጌ ኤርፖርት የምንለው አካባቢ ስሙን ያገኘው ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የከተማዋ አውሮፕላኖች ይነሡበት ከነበረው የልደታ ሜዳ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ አልፋለሁ፤ የሮቢንሰንን ስም የያዘ ምልክት አይቼ አላውቅም። የጣሊያኖቹ ቃላት ግን በየጋራዡ አሉ። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ላሜራ፣ ማሳ የምንላቸው ሁሉ ከእነሱ የቀሩ ናቸው። እኔም ይህን ጽሑፍ ያለ እነሱ መጻፍ አልቻልኩም። ወራሪው ሲባረር ከመካኒኮቹ የቀሩ ነበሩ፤ ብዙ የአዲስ አበባ ባለሙያ መፍቻ መያዝ የተማረው ከእነሱ ሥር ነው።

ሮቢንሰንም ከእነሱ ጋር ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 1954 እሱ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ወድቃ ተቃጠለች። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሕይወቱ አለፈ። ሮቢንሰን በቃጠሎው ክፉኛ ተጎድቶ ሁለት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ከቆየ በኋላ ማርች 27 ቀን ዐረፈ። ዕድሜው ሃምሳ ገደማ ነበር።